ወደ አንጎል ምስል ምርምር የሚገባው በየት በኩል ነው?

«በአንጎል ምስል ላይ መመራመር እፈልጋለሁ፤ ምን ዲግሪ ልያዝ?» ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ «ብዙዎቹ ይሆናሉ» ነው። በመስኩ የሚሠሩት ሰዎች ከፊዚክስ፣ ከሥነ ልቦና፣ ከሕክምና፣ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ከስታቲስቲክስና ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ ናቸው። ማመልከቻ የሚያገላብጠው ተመራማሪ ግን ሁሉንም የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ ይህ ሰው ጥሬ ዳታ ቢሰጠው አጽድቶ፣ ተንትኖ፣ የተበላሸውን ለይቶ ማስረዳት ይችላል ወይ? ይህን የሚያሳይ አንድ ያለቀ ሥራ የያዘ አመልካች፣ ጥሩ ውጤት ብቻ ከያዘው ይቀድማል። ደግነቱ ለዚህ ስካነር አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ጥቂት ወራት ይበቃሉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ግን የትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ለዩ። «የአንጎል ምስል ተመራማሪ» የሚባል አንድ ሥራ የለም።

ማሽኑ አጠገብ

የኤምአርአይ ፊዚክስ ባለሙያ ሥራው የሚነሣው ምስል እንዴት እንደሚነሣ መንደፍ ነው። በ3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ማሽን ውስጥ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች በሴኮንድ 128 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይሾራሉ። እነሱን በየትኛው ቅጽበት በሬዲዮ ሞገድ መምታት፣ ሲግናላቸውንም በምን ቅደም ተከተል መሰብሰብ እንደሚገባ የሚወስነው ፕሮግራም ሲኩዌንስ ይባላል። ይህን መማር ድሮ ከአምራቹ ጋር ውል የገባ ላብራቶሪ ውስጥ መግባትን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ፐልሴክ የተባለው ክፍት መሣሪያ አለ፤ በማትላብ ወይም በፓይተን ሲኩዌንስ ጽፋችሁ፣ ስካነር ሳይኖራችሁ ሞገዱን በሥዕል አይታችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ፊዚክስና ፉሪየር ትራንስፎርም የማያስፈራችሁ ከሆነ ይህን ወንበር በቁም ነገር አስቡት። አመልካቹ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ውጭም እንደ ሲመንስ፣ ፊሊፕስና ጂኢ ያሉ አምራቾች ይቀጥራሉ።

ስካነሩን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱት ራዲዮግራፈሮች ሌላ ሙያ ናቸው፤ የራሳቸው ሥልጠናና ፈቃድ አላቸው። የምርምር ማዕከላት ብዙውን ጊዜ ተማሪዎችንም አሠልጥነው ማሽኑን ራሳቸው እንዲያሠሩ ያደርጋሉ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ክፍል ደኅንነት ነው፣ ቀልድም የለውም። ማግኔቱ ሌሊትም፣ በዓልም፣ ማንም ሳይጠቀምበትም በርቷል። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል። ከብረቱ ሌላ ጀማሪዎች የሚረሱት ቃጠሎ ነው፤ ተጠምዝዞ የተኛ ገመድ የሬዲዮ ሞገዱን ተቀብሎ ይግላል፣ የተሣታፊው ሁለት እጆች ቆዳ ለቆዳ ሲነካኩም የሚፈጠረው ቀለበት እንዲሁ ያቃጥላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ገመዱን ቀጥ አድርጉ፣ በእጆቹ መካከል ጨርቅ አስገቡ፣ የጆሮ መከላከያውንም በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

ፔት፣ ማለትም ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ለተሣታፊው ተሰጥቶ የሚነሣው ምስል፣ ሌላ ዓለም ነው። በመድኃኒቱ ውስጥ ከሚገቡት አቶሞች ካርቦን-11 ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ፣ ፍሎሪን-18 ደግሞ 110 ደቂቃ ያህል ነው። ተሣታፊው 40 ደቂቃ ቢያረፍድ ከካርቦን-11 መድኃኒቱ የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በካርቦን-11 የሚሠራ ላብራቶሪ ሳይክሎትሮኑን (አቶሞቹን የሚሠራውን ማሽን) እዚያው አጠገቡ ያቆማል፤ ከአንጎል ተመራማሪዎቹ ጋርም ራዲዮኬሚስቶች፣ ፋርማሲስቶችና የጨረር ደኅንነት ባለሙያዎች ይቀጠራሉ። የኬሚስትሪ ምሩቆች «የአንጎል ምስል ለእኛ አይሆንም» ሲሉ የሚዘነጉት ይህን በር ነው።

ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚቀዳው ዘዴ) ከሁሉም ርካሹና ለጀማሪ ምቹው ነው። ሐንስ በርገር የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ በ1924 ቀዳ፣ በ1929 አሳተመ፤ መሠረቱ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተቀየረም። ጥሩ ቅጂ የሚወሰነው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው፦ የራስ ቅሉን ለክቶ ኤሌክትሮዶቹን 10-20 በሚባለው የአቀማመጥ ሥርዓት ማስቀመጥ፣ ቆዳውን ማጽዳት፣ በተራ ኤሌክትሮዶች ተቃውሞውን ከ5 ኪሎኦም በታች ማውረድ። ተቃውሞው ከፍ ካለ የግድግዳው መብራት 50 ወይም 60 ኸርዝ ሆኖ ዳታው ላይ ይቀመጣል። በፊልተር ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ኤሌክትሮዱን ማስተካከል ይሻላል። ኢኢጂ በሚገባ የቀዳ ሰው ወደ ኤምኢጂ (የአንጎልን መግነጢሳዊ መስክ ወደሚለካው ዘዴ) ሲሄድ ግማሹን መንገድ ጨርሶ ነው፤ ትንተናው ይመሳሰላል፣ እንደ ኤምኤንኢ-ፓይተንና ፊልድትሪፕ ያሉት ሶፍትዌሮችም ሁለቱን ይሠራሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ዳታው ዙሪያ ናቸው፦ ኮግኒቲቭ ኒውሮሳይንቲስት፣ የዳታ ተንታኝ፣ ስታቲስቲሺያን፣ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ። የመጨረሻው ላይ አስምሩበት። ትልልቅ ላብራቶሪዎች የሚሠሩት ትንተና ሱፐርኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮንቴይነር (ሶፍትዌሩን ከነሚያስፈልገው ሁሉ የያዘ ጥቅል) የሚያስተካክል፣ ኮድ የሚፈትሽና የዳታ ፎልደር ሥርዓት የሚያስይዝ ሰው ግን ሁልጊዜ እንዳነሳቸው ነው። ዶክትሬት የማይጠይቁ ጥሩ ቦታዎች እዚህ ይገኛሉ።

አንድ ሙሉ ሥራ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ኦፕንኒውሮ ከተባለው ክፍት የአንጎል ዳታ ማከማቻ ዲኤስ000102 የተባለውን ዳታ አውርዱ። 26 ጤነኛ ጎልማሶች ፍላንከር የተባለውን ፈተና ሲሠሩ በኤፍኤምአርአይ (አንጎል ሲሠራ የደም ፍሰቱን ለውጥ በሚከታተለው የኤምአርአይ ዓይነት) የተነሡበት ነው፦ መሃል ያለችው ቀስት ወዴት እንደምታመለክት ይመልሳሉ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቀስቶች አንዳንዴ ይስማሟታል አንዳንዴ ይቃረኗታል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዙር አለው። በዙሩ 146 ቮሊዩም (የመላው አንጎል ምስል) ይነሣል፣ በየ2 ሴኮንዱ አንድ፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ትንሽ ነው፣ የሚጠበቀው ውጤት የታወቀ ነው፣ ፎልደሩም ቢድስ በተባለው የመስኩ የጋራ የፋይል አደራደር ሥርዓት ተደርድሯል። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ምንም ፕሮግራም ከማስነሣታችሁ በፊት ምስሉን በዓይናችሁ እዩ። ኤፍኤስኤል አይዝ በተባለው የምስል ማያ ፕሮግራም ከፍታችሁ 146ቱን ቮሊዩሞች እንደ ፊልም አጫውቱ። ጭንቅላቱ ሲዘል ይታያል። ከዓይኖች በላይና ከጆሮ አጠገብ ደግሞ ሲግናሉ የጠፋበት ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ አየርና ሥጋ የሚገናኙበት ቦታ መግነጢሳዊ መስኩን ስለሚያዛባው ነው። ጀማሪ ከዚያ አካባቢ ውጤት ሲያጣ «ይህ የአንጎል ክፍል አይሳተፍም» ብሎ ይጽፋል። ዳታው እዚያ የለም፤ ስለሌለ ነገር ምንም ማለት አይቻልም።

ቅድመ ዝግጅቱን (እንቅስቃሴን ማረም፣ ምስሎችን ማጋጠም) ኤፍኤምአርአይፕረፕ በተባለው ፕሮግራም ሥሩ፤ በዶከር ኮንቴይነር ይጫናል። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ፣ የኮርቴክሱን (የአንጎሉን ውጫዊ ንብርብር) ገጽ ግንባታ አጥፍታችሁ። ግንባታው ሲበራ ለአንድ ሰው ብዙ ሰዓት ይጨምራል። በዚህ ደረጃ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች በጣም የታወቁ ናቸው። ፕሮግራሙ በ137 ቁጥር ከቆመ ማህደረ ትውስታው አልቆ ሲስተሙ ገድሎታል ማለት ነው፤ ዶከር ከላፕቶፑ ራም ምን ያህል እንደተፈቀደለት እዩ፣ ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆነ አትድከሙ፣ 16 ይሻላል። «ላይሰንስ» የሚል ስሕተት ኤፍኤምአርአይፕረፕ በውስጡ የሚጠቀምበት የፍሪሰርፈር ሶፍትዌር ፈቃድ ፋይል ነው፤ ነፃ ነው፣ ግን ተመዝግቦ መውሰድና መንገዱን ለኮንቴይነሩ ማሳየት ያስፈልጋል። በፎልደር ስም ውስጥ ባዶ ቦታ አታስገቡ። የተጠቀማችሁበትን የስሪት ቁጥር ጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ሲጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሪፖርት ገጽ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳይከፍት ያልፈዋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው የሚታወቀውም ይኸው ነው። የአንጎሉ ድንበር በትክክል ተቆርጧል ወይስ የዓይን ኳስና የራስ ቅል ገብቶበታል? የተግባር ምስሉ መስመሮች ከአናቶሚው ጋር ይገጥማሉ? የእንቅስቃሴው መስመር የት ላይ ይዘላል? ከአንዱ ቮሊዩም ወደ ቀጣዩ የሚደረገው እንቅስቃሴ ከ0.5 ሚሊሜትር ካለፈ ብዙዎች ያንን ነጥብ እንደተበላሸ ይቆጥሩታል፤ ዕረፍት ላይ ባለ አንጎል ጥናት 0.2 የሚሉም አሉ። የትኛውንም ምረጡ፤ ግን ማን እንደሚወጣ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት በጽሑፍ ወስኑ። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ የእንቅስቃሴ ዋጋ ስለሌለ ኮዳችሁ እዚያ ላይ ይሰናከላል፤ በዜሮ ተኩት።

ቀጥሎ ሞዴሉ። የትንተና ሶፍትዌሩ በፓይተን ከሆነ ናይለርን፣ በማትላብ ከሆነ ኤስፒኤም። የቀስቶቹ መታያ ጊዜ ከደም ፍሰቱ ምላሽ ጋር ይዋሃዳል፤ ምላሹ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ጊዜው በሚሊሴኮንድ ተጽፎ ከሆነና እናንተ እንደ ሴኮንድ ከወሰዳችሁት ሞዴሉ አይጮህም፣ ባዶ ካርታ ብቻ ይሰጣችኋል። ስለዚህ የንድፍ ሠንጠረዡን ሁልጊዜ በሥዕል አውጥታችሁ እዩት። ምስሉን በ6 ሚሊሜትር ማለስለስ ለዚህ ዳታ ምክንያታዊ ነው። ረብሻ ለማጥፋት የሚገቡትን ዓምዶች በተመለከተ ጀማሪ ስስታም መሆን አለበት፤ ኤፍኤምአርአይፕረፕ ከመቶ በላይ ዓምድ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ እናንተ ያላችሁ 146 ነጥብ ነው። ሁሉንም ካስገባችሁ የሚተነተን ነገር አይተርፍም። ስድስቱ የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ለመነሻ ይበቃሉ። አኮምፕኮር የተባሉትን (ከነጭ ቁስና ከአንጎል ፈሳሽ የሚሰሉ የረብሻ ዓምዶች) ከጨመራችሁ ቀርፋፋውን መዋዠቅ የሚወክሉትን ኮሳይን ዓምዶችም አብራችሁ አስገቡ፤ አኮምፕኮሮቹ የተሰሉት ቀርፋፋው መዋዠቅ ከወጣ በኋላ ስለሆነ አንዱን ያለ ሌላው መጠቀም ረብሻውን መልሶ ያስገባዋል።

ከዚያ የተስማሚውን ከተቃራኒው ቀንሱ፣ የ26ቱን ሰዎች ካርታ በአንድ ላይ ፈትኑ። እዚህ የስታቲስቲክስ ዕውቀታችሁ ይታያል። አንጎሉ ውስጥ 100,000 ቮክሰል (ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ኪዩቦች) ቢኖርና እያንዳንዱን በ0.05 የስሕተት ገደብ ብትፈትኑ፣ ምንም ነገር ባይኖር እንኳ 5,000 የሚሆኑት ይበራሉ። በ2009 የሞተ ሳልሞን ስካነር ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «ያሳዩት» ተመራማሪዎች ያለ እርማት በፈተኑት ጊዜ የዓሣው አንጎል «ሠራ»፤ በ2012 አስቂኝ ግን የሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሸለሙበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ2016 ደግሞ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ ታዋቂዎቹ ሶፍትዌሮች በላላ የክላስተር (ተያይዘው የሚበሩ ቮክሰሎች ስብስብ) ገደብ ሲሠሩ ሐሰተኛ ውጤት እስከ 70 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ የክላስተር መነሻ ገደባችሁን 0.001 አድርጉ፣ ወይም በፐርሙቴሽን (ዳታውን ደጋግሞ በዘፈቀደ በማቀያየር በሚፈትነው ዘዴ) ሥሩ። ፐርሙቴሽን ጊዜ ይወስዳል፤ ሌሊት አሠርታችሁ ተኙ።

ብዙ አመልካች እዚህ ይቆማል፤ እናንተ አንድ ርምጃ ቀጥሉ። ማለስለሱን ከ6 ወደ 4 ከዚያም ወደ 8 ቀይራችሁ ካርታው እንዴት እንደተለወጠ ጎን ለጎን አሳዩ። በ2020 ኔቸር ላይ በወጣ ጥናት 70 ቡድኖች አንድ ዓይነት ዳታ ተሰጥቷቸው 9 መላምቶችን ፈትነው ነበር። ሁለት ቡድኖች እንኳ ፍጹም ተመሳሳይ መንገድ አልተከተሉም፤ መልሶቻቸውም ተለያዩ። ምርጫችሁ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚጎትተው በራሳችሁ ዳታ ያሳያችሁ እንደሆነ፣ አንባቢው ይህን ሰው መቅጠር ይሻላል ብሎ ያስባል። ኮዱን ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ አውጡ፤ ከኮዱ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይኑረው፦ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ማን እንደወጣና ለምን፣ ምን እንዳልሠራ። ያልሠራውን የምትጽፉበት አንቀጽ ከሁሉም በላይ ይነበባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ26 ሰው «ጭንቀት የበዛባቸው ሰዎች አንጎል እንዲህ ነው» የሚል ዝምድና አትፈልጉ። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሁኔታዎችን ለማወዳደር ይህ ቁጥር ሊበቃ ይችላል፤ በሰዎች መካከል ያለን ልዩነት ከባሕርይ ጋር ለማያያዝ ግን ሺዎች እንደሚያስፈልጉ በ2022 ማሬክና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካላችሁ ብዙ ሺህ ሰዎችን ወደያዙት ወደ ዩኬ ባዮባንክ ወይም ወደ አሜሪካው የልጆች ጥናት ኤቢሲዲ ሂዱ፤ የማመልከቻውና የክፍያው ሥርዓት ግን ከኦፕንኒውሮ የተለየ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ተቋም ይጠይቃል። ማሽን ለርኒንግ የምትወዱ ደግሞ የአንድ ሰው ምስል ቁራጮች በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ዳታ ውስጥ እንዳይገቡ ተጠንቀቁ። 98 በመቶ ትክክል የሚል ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሰውዬውን አስታውሶ ነው።

ሥልጠና

ነፃ የሆነው ብዙ ስለሆነ ከመክፈል በፊት እሱን ጨርሱ። የአንዲ ብሬይን ቡክ የተባለው የኦንላይን መማሪያ ከላይ ያለውን የፍላንከር ዳታ ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ኤፍኤስኤልና አፍኒ የተባሉት የትንተና ሶፍትዌሮች ኮርሶች ትምህርቶች በቪዲዮ ይገኛሉ። ኮርሴራ ላይ ማርቲን ሊንድኲስትና ቶር ዌገር የሚሰጡት የኤፍኤምአርአይ ትምህርት ስታቲስቲክሱን በደንብ ያስይዛል። ኒውሮማች አካዳሚ በ2020 የተጀመረ የኦንላይን የበጋ ትምህርት ቤት ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ክፍያውም እንደየአገሩ የኑሮ ውድነት ይስተካከላል። የሙሉ ቀን ሥራ ይዛችሁ አትመዝገቡበት፣ አይሆንም።

በአካል ከሚሰጡት ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ኒውሮሃካደሚ ለኮድ ጸሐፊዎች፣ በለንደን የሚሰጠው የኤስፒኤም ኮርስ ደግሞ ለዘዴው ሒሳብ የታወቁ ናቸው። ብሬንሃክ ከሁሉም ቀላሉ መግቢያ ነው፤ ጥቂት ቀን የሚፈጅ ስብሰባ ነው፣ ማንም የዲግሪ ወረቀት አይጠይቅም፣ እዚያ ያስተካከላችሁት አንድ ትንሽ የኮድ ስሕተት በስማችሁ ይመዘገባል። ለጉባኤ ኦኤችቢኤም ለአንጎል ካርታ፣ አይኤስኤምአርኤም ደግሞ ለኤምአርአይ ፊዚክስ ትልቆቹ ናቸው። ሁለቱም ለተማሪዎች የጉዞ ድጋፍ አላቸው፤ ድጋፉ የሚሰጠው ግን አጭር ጽሑፍ ላስገቡ ነው፤ የጽሑፉ ቀን ደግሞ ከጉባኤው ብዙ ወራት ይቀድማል።

ገንዘቡና ዜግነቱ

ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ የዜግነቱን መስመር ፈልጉ። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ቲ-32 እና ኤፍ-31 የሚባሉትን የሥልጠና ገንዘቦች ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ይሰጣል፤ ኬ-99 የተባለው የድኅረ ዶክትሬት ሽልማት ግን ለውጭ ዜጎችም ክፍት ነው። በአሜሪካ ዶክትሬት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፣ ማስተርስ ግዴታ አይደለም፣ የጥሩ ፕሮግራም ተማሪ የትምህርት ክፍያውም ተሸፍኖለት ወርሃዊ አበል ያገኛል፤ የማመልከቻው ጊዜ በአብዛኛው ዲሴምበር ላይ ይዘጋል። በአውሮፓ ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፣ ማስተርስ ይፈለጋል፣ ቦታው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጣቸው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች ዜግነት አይመርጡም፤ ግን ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ አይቀበሉም። ማስተርሱን በአንድ አገር ጨርሶ እዚያው ለሚያመለክት ሰው ይህች መስመር መጥፎ ድንገተኛ ትሆናለች። ቦታዎቹ ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ የምርምር ሥራ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ።

ደብዳቤው

ለፕሮፌሰር የሚጻፍ ኢሜይል ከ200 ቃል አይብለጥ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ እነሱ አንድ የቅርብ ሥራ የተለየ ነገር ይበል፤ «ሥራዎን በጣም አደንቃለሁ» የሚለው ለሁሉም እንደተላከ ይታወቃል። ሁለተኛው የሠራችሁትን ያሳይ፣ የጊትሀቡን አድራሻ ጨምሩ። ሦስተኛው ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይሁን፦ «በመጪው መስከረም ገንዘብ ያለው ቦታ አለዎት?» ሲቪውን በፒዲኤፍ አያይዙ። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት።

ቃለ መጠይቅ ከደረሳችሁ የምትጠይቁትም አዘጋጁ። የስካነር ሰዓት በሳምንት ስንት አለ፣ ማን ይከፍላል? ዳታው አሁን አለ ወይስ ገና ይሰበሰባል? ገና የሚሰበሰብ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱ ወጥቷል? ፈቃድ ያልወጣለት ጥናት ላይ የሦስት ዓመት ዶክትሬት የጀመረ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ቅጽ ሲሞላ ሊጨርስ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን ከላብራቶሪው በቅርቡ የወጡ ሁለት ተማሪዎችን አነጋግሩ፤ ፕሮፌሰሩ ያለ ማመንታት አድራሻቸውን ከሰጣችሁ ያ ራሱ መልስ ነው።